እንዳያዩብን ክብ እንሥራ፦ የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን ጉዳይ

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ሐበሻ፣ በተለይ ታክሲ የነዳ፣ ፍሎሪዳ አቬኑን ሳያውቅ አይቀርም። በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል፣ ከዩኒየን ማርኬት አጠገብ፣ በአጥር የተከበበ ሰፊ አረንጓዴ ጊቢ አለ። የቅርቡ ሜትሮ ጣቢያ ስሙን ከሱ ወስዷል፤ ኖማ-ጋሎዴት ዩ ይባላል። ወደ ኤች ስትሪት ወረድ ስትሉ ደግሞ አስተናጋጆቹ በእጃቸው የሚያወሩበት ስታርባክስ ታገኛላችሁ። በ2018 ነው የተከፈተው። እዚያ ሰፈር በእጅ ማውራት ብርቅ አይደለም።

ጊቢው የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ነው። መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ተብሎ የተቋቋመ፣ ተማሪው 2 ሺህ የማይሞላ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ። በስፖርት ስሙን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ግን የአሜሪካ ፉትቦል በቴሌቪዥን አይታችሁ ከሆነ፣ ተጫዋቾቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ጎንበስ ብለው፣ ክብ ሠርተው ሲንሾካሾኩ አይታችኋል። ሃድል ይባላል። ያ ክብ ከዚህ ጊቢ እንደወጣ ነው የሚነገረው። እዚህ የማወጋችሁ ስለዚያ ክብና ስለ ባለቤቶቹ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግማሹ ሩጫ፣ ግማሹ ወሬ

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ሁለት ቃል ልበል። ስሙ ፉትቦል ይሁን እንጂ ኳሱን እግር የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ በእጅ ይወረወራል። ከየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። የሚያጠቃው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት 4 ሙከራ አለው። 10 ያርድ 9 ሜትር ገደማ ነው። ከገፋ ሌላ 4 ሙከራ ይጨመርለታል፤ ካልገፋ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሄዳል።

ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ጨዋታው ይቆማል። በኮሌጅ ውድድር 40 ሰከንድ ይቆጠራል። በዚያች 40 ሰከንድ 11 ሰው አንድ ሐሳብ ላይ መግባት አለበት። ማን ወዴት ይሮጣል? ማን ማንን ይዘጋል? ኳሱ በስንተኛው ጥሪ ይነሣል? ይህን ለሌሎቹ የሚያደርሰው ኳርተርባክ የሚባለው መሪ ተጫዋች ነው። ከዚያ ይሰለፋሉ። ኳርተርባኩ "ሃት!" ብሎ ይጮኻል። መሀል ላይ ያጎነበሰው ልጅ ኳሱን በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ ያቀብላል። ይቺ ማቀበል ስናፕ ትባላለች። ከስናፑ በፊት ያለቦታው የተንቀሳቀሰ ቡድኑን ያስቀጣል።

ከሩቅ ሲያዩት ጉልበት ብቻ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግማሹ ወሬ ነው። ወሬው ለወዳጅ መድረስ፣ ከባላንጣ መሸሸግ አለበት። የማይሰሙ ልጆች ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ ሰው ሁሉ "እንዴት ይግባባሉ?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቦታውን ስቷል። መግባባቱ አይቸግራቸውም፤ እጅ አላቸው። መከራው መሸሸጉ ላይ ነው።

ኬንዳል ግሪን

ጊቢው ዛሬም ኬንዳል ግሪን ይባላል። በ1856 ከርስቱ ላይ ቆርሶ የሰጠው አሞስ ኬንዳል የሚባል ባለጸጋ ነው፤ በፕሬዚዳንት ጃክሰን ዘመን የአገሪቱ የፖስታ ሚኒስትር የነበረ። ትምህርት ቤቱን እንዲመራ በ1857 የተጠራው ኤድዋርድ ማይነር ጋሎዴት ያኔ የ20 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ሶፊያ ፋውለር አትሰማም። ስለዚህ የእጅ ቋንቋ ለእሱ የቤት ቋንቋ ነው። በ1864፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሳያበቃ፣ አብርሃም ሊንከን ተቋሙ የኮሌጅ ዲግሪ እንዲሰጥ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረመ።

ፉትቦል የገባው በ1883 ነው። ጨዋታው ራሱ ገና እግር እያወጣ ነበር። የኬንዳል ግሪን ልጆች በዚያ ዘመን ከጆርጅታውንና ከባሕር ኃይል አካዳሚ ጋር ሳይቀር ይገጥሙ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ግጥሚያ ቢታሰብ ሰው ይስቃል። ያኔ ግን ሁሉም ጀማሪ ነው፤ ልዩነቱ ሰማይና ምድር አልሆነም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተነገረ ቀሪው ታሪክ ቀለል ብሎ ይታያል። ፉትቦሉ ከመጀመሩ 3 ዓመት በፊት፣ በ1880፣ ሚላን ላይ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ ሰዎች ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ውሳኔው ልጆቹ በአፍ መናገርን ይማሩ፣ የእጅ ቋንቋ ከክፍል ይውጣ የሚል ነው። ጋሎዴት እዚያው ተገኝቶ ተቃወመ፤ የሰማው የለም። በአውሮፓም በአሜሪካም በብዙ ትምህርት ቤት እጁን ያነሣ ልጅ እጁን ተመታ። በኬንዳል ግሪን ግን እጆቹ ማውራታቸውን አላቆሙም። ክፍል ውስጥም፣ ምግብ ቤትም፣ ሜዳ ላይም።

የ1894ቱ ክብ

በ1890ዎቹ መጀመሪያ የቡድኑ ኳርተርባክ ፖል ሀባርድ የሚባል ተማሪ ነበር። በዚያን ጊዜ ልማዱ ይህ ነው፦ ተጫዋቾቹ ከሙከራው እንደተነሡ በቀጥታ ይሰለፋሉ፤ ኳርተርባኩ ከኋላቸው ቆሞ ቁጥርና ኮድ ይጮኻል። ሀባርድ የሚጮኸው በእጁ ነው። ፊት ለፊቱ የቆመው ተጋጣሚ የሚሰማ ቡድን ከሆነ ችግር የለም። እጁን ቢያዩትም ምን ያውቃሉ።

ችግሩ የመጣው ከራሱ ወገን ነው። ቡድኑ ከሌሎች የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች ቡድኖች ጋርም ይጫወት ነበር። እነሱ ቋንቋውን ያውቃሉ። ሀባርድ እጁን ሲያነሣ አንዲት ቃል አታመልጣቸውም። በአደባባይ ምስጢር እንደማውራት ነው። የሚሰማ ሰው ቢቸግረው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጆሮ ላይ ይንሾካሾካል። እጅን እንዴት አድርገው ያንሾካሹኩታል?

ሀባርድ ያገኘው መልስ ቀላል ነው። ልጆቹን ጠርቶ ክብ አሠራቸው። ጀርባቸው ወደ ውጭ፣ ፊታቸው ወደ ውስጥ። እጁን መሀላቸው አስገብቶ ነገራቸው። የሰው ግድግዳ ማለት ነው። ይህ የሆነው በ1894 እንደሆነ ይነገራል። አጋጣሚ ሆኖ ኮሌጁ ጋሎዴት የሚለውን ስም ያገኘውም በዚያው ዓመት ነው፤ ስሙ ለኤድዋርድ አባት ለቶማስ ሆፕኪንስ ጋሎዴት መታሰቢያ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ "ጉድለት ብልሃትን ወለደች" ዓይነት ለዛ ይሰጡታል። እኔ አይመስለኝም። ሀባርድን ያስጨነቀው የጎደለው ነገር አይደለም፤ ያለው ነገር ነው። የያዘው ቋንቋ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ የሚደርስ ቋንቋ ነው። ምስጢሩ የሚሰረቀውም ቋንቋ ስለሆነ ነው። በዚያው ዘመን ብዙ የተማረ ሰው የእጅ ምልክትን ከአማርኛችን "ጥቅሻ" ከፍ አድርጎ አላየውም። ምሁራኑ ቋንቋ መሆኑን የተቀበሉት በጣም ዘግይተው ነው። ዊልያም ስቶኪ የሚባል፣ ራሱ የሚሰማ፣ የጋሎዴት የእንግሊዝኛ መምህር በ1960 ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። ያኔም ቢሆን ባልደረቦቹ ሳይቀሩ አፌዙበት። ሀባርድ ግን በ66 ዓመት ቀድሞት፣ ባላንጣ አድምጦ ሊጠቀምበት የሚችል ቋንቋ መሆኑን በሜዳ ላይ አሳይቷል።

መንገዴን ልሳትና፣ የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ገጥሞኛል። አይደለም። የአሜሪካው ሌላ፣ የኢትዮጵያው ሌላ ነው። የኛውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል። ፊደላችንን በጣት ሲጽፉት ደግሞ ለማየት ደስ ይላል፤ የእጁ ቅርጽ "ለ" መሆኑን ይነግራል፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የትኛው እንደሆነ ይለያል። "ለ፣ ሉ፣ ሊ" በአንድ እጅ።

ወደ ሀባርድ እንመለስ። ተመርቆ ወደ ካንሳስ ሄደ። ኦላቴ በሚባለው ከተማ፣ በመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። በ1899 እዚያ የፉትቦል ቡድን አቋቋመ። ክቡም አብሮት ሄደ።

ባለቤትነቱ አከራካሪ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ብዙ የቆየ ጽሑፍ ሃድልን ለኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ለቦብ ዙፕኪ ይሰጣል፤ በ1921። የላፋየት ኮሌጁ ኸርብ ማክራከንም በ1924 እኔ ጀመርኩት ብሏል። ለኔ ነገሩ ይህን ያህል አያጣላም። ዙፕኪ ልማዱን በትልልቆቹ ቡድኖች ዘንድ አስፋፍቶት ሊሆን ይችላል። ክብ መሥራት ሁለት ሦስት ቦታ ለየብቻ ሊታሰብም ይችላል። ግን ኢሊኖይ ክብ ከመሥራቱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ክብ ከመሥራት በቀር ምርጫ ያልነበረው ቡድን አንድ ነው። ደግሞም ሰሚው ዓለም እንዲህ ዓይነቱን ነገር ቶሎ ይረሳል። የቤዝቦሉን ዊልያም ሆይን ውሰዱ። አይሰማም ነበር፤ ከ1888 እስከ 1902 በትልቁ ሊግ 14 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ጋዜጦቹ የጠሩት ግን "ደሚ" እያሉ ነው፤ "ድዳው" እንደማለት። የጋሎዴት ቤዝቦል ሜዳ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ረጅሙ መሀል

ከሀባርድ በኋላ ያለውን የቡድኑን ታሪክ በድል ብዛት ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ወረቀቱ ባዶ ይቀርበታል። ተማሪው ጥቂት ነው። ከጥቂት ተማሪ ለፉትቦል የሚሆን ጎረምሳ መሰብሰብ ይከብዳል። የእግር ኳስ ቡድን 11 ሰውና ጥቂት ተቀያሪ ይበቃዋል፤ ፉትቦል አጥቂው ሌላ፣ ተከላካዩ ሌላ፣ ኳስ መቺው ሌላ ነው። 50 እና 60 ልጅ ይፈልጋል። የጋሎዴት ትልቁ የስፖርት ወሬ በዚያ ዘመን የቅርጫት ኳስ ነው። በ1943 "አምስቱ የብረት ሰዎች" የተባሉት ልጆች የሜሰን-ዲክሰን ውድድርን ወሰዱ። 5 ሰው ይገኛል። 50 ሰው ነው የሚቸግረው።

ሌላም የጎደለ ሰው ነበር። ለአሥርት ዓመታት፣ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ጥቁር ተማሪ በዚህ ጊቢ ቦታ አልነበረውም። መጀመሪያ የተመረቀው አንድሩ ፎስተር ነው፤ በ1954። ፎስተር በ1957 ጋና ሄዶ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ አገሮች የከፈታቸው ትምህርት ቤቶች ከ30 ይበልጣሉ። ሀባርድ የሠራው ክብ ቋንቋውን ከባላንጣ ሸሽጎ ነበር። ጊቢው ግን ያንኑ ቋንቋ የሚናገሩ ጥቁር ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ውጭ አቆማቸው። ስለዚህ ቡድን የሚጻፈው የሚያኮራ ታሪክ ውስጥ ይህቺ መስመር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች።

ከበሮው

ከዚህ ዘመን የተረፈ አንድ ነገር አለ፤ ከበሮ። ከሜዳው ዳር የሚቆም፣ ሰው የሚያህል ትልቅ ከበሮ። "ሃት!" የሚለው ጩኸት ለማይሰማ ቡድን ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከበሮው ይመታል። ተጫዋቾቹ ምቱን በሰውነታቸው ይቀበሉታል፤ በተስማሙበት ምት ኳሱ ይነሣል። ለሰሚ ሰው ተረት ይመስላል። በጥምቀት ከካህናቱ ከበሮ አጠገብ የቆመ ሰው ግን አይገርመውም። ያ ምት ጆሮ ላይ ሳይደርስ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።

ብልሃቱ ቀዳዳ ነበረው። ከበሮውን ተጋጣሚም ይሰማዋል፤ ያውም በጆሮው ጭምር። አሁን ስናፑን በዓይን ነው የሚጠብቁት። ሁሉም ኳሱን ያያል፤ ኳሱ ሲነቃነቅ ይነሣሉ። ከበሮው ደጋፊው እጅ ገብቷል።

በዓይን መጠበቅ የራሱ ጥቅም አለው። ሰሚ ቡድኖች አንድ ተንኮል ይወዳሉ። ኳርተርባኩ ድምፁን ለዋውጦ ይጮኻል፤ ተከላካዩ ተታሎ ቀድሞ ይዘላል፤ 5 ያርድ ይቀጣል። የጋሎዴት ተከላካይ ላይ ይህ አይሠራም። ጮኸህ ትደክማለህ። የተመልካች ጫጫታንም ልጆቹ ከምንም አይቆጥሩትም። በሌላ በኩል ፊሽካ አለ። ዳኛው ነፍቶ ጨዋታው ቆሟል። የጋሎዴት ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ እየሮጠ ነው። አላየም፤ ሰውየውን ይጥለዋል። ቅጣቱ 15 ያርድ ነው። ሆን ብሎ ያደረገው የሚመስለው ተጋጣሚ ይቆጣል፣ መገፋፋት ይነሣል። ለዚህ ነው ዳኛ እጁን ከፍ አድርጎ ማወናጨፍ ያለበት።

በር የዘጉ ልጆች

በማርች 1988 የጋሎዴት የቦርድ አባላት ፕሬዚዳንት ሊመርጡ ተቀመጡ። ለመጨረሻው ዙር ከቀሩት 3 ዕጩዎች 2ቱ አይሰሙም። ቦርዱ ሰሚዋን መረጠ። ተቋሙ ከተመሠረተ 131 ዓመቱ ነው፤ አንድም የማይሰማ ፕሬዚዳንት አላየም። ተማሪው በር ዘጋ፣ ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ ሰልፍ ወጣ፣ አገር ምድሩ አየው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመራጯ ለቀቀች፤ ማርች 13 ቀን አይ. ኪንግ ጆርዳን ተሾመ። የመጀመሪያው የማይሰማ ፕሬዚዳንት።

በ2006 ዳግም ተቃውሞ ተነሣ። አሁን የተመረጠችው አትሰማም፤ ጭቅጭቁ ስለ አመራረጡና ስለ አመራሯ ነበር። በኦክቶበር የጊቢው በሮች ሲዘጉ የፉትቦል ቡድኑ ልጆችም ከዘጊዎቹ መካከል ነበሩ። ሥራቸው ሜዳ ላይ ሰው ማገድ አይደል! ፖሊስ ከ130 በላይ ሰው አሰረ። ከሁለት ሳምንት ትንሽ ዘግይቶ ቦርዱ ሹመቱን ሰረዘ።

የሚገርመው፣ ያ ቡድን በወቅቱ በወጉ የዩኒቨርሲቲ ቡድን አልነበረም። ውጤት ጠፍቶ፣ ሰው አንሶ፣ የኮሌጅ ስፖርትን ከሚመራው ማኅበር ከኤንሲኤኤ ውድድር ወጥቶ የክለብ ቡድን ሆኖ ነበር። በ2005 ኤድ ሆትል የሚባል ሰሚ አሰልጣኝ መጣ። የእጅ ቋንቋውን እየሠራ ነው የተማረው። በመጀመሪያው ዓመቱ ክለቡ 9 ተጫውቶ 9 አሸነፈ። በ2007 ወደ ኤንሲኤኤ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ተመለሰ።

ሦስተኛ ዲቪዚዮን ማለት ተጫዋች በስፖርቱ ምክንያት ነፃ የትምህርት ዕድል የማያገኝበት እርከን ነው። በጉልበትህ አይከፈልልህም። የምትጫወተው ስለምትወደው ነው። ከየት ይመጣሉ ታዲያ? አንዳንዱ ከየስቴቱ የመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች። እዚያ ፉትቦል ሕያው ነው። በካሊፎርኒያ የሪቨርሳይዱ ትምህርት ቤት በ2022 እና በ2023 ተከታትሎ በ8 ሰው ፉትቦል ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሰሚዎቹን እየደበደበ። ሌላው ደግሞ ከተራ ትምህርት ቤት ይመጣል። በ1975 የወጣው ሕግ አካል ጉዳተኛ ልጆች በየሰፈራቸው ትምህርት ቤት እንዲማሩ በር ከፈተ። እንዲህ ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ በቡድኑ ውስጥ የማይሰማ እሱ ብቻ። የከንፈር እንቅስቃሴ እያነበበ፣ ግማሹ እያመለጠው ተጫውቷል። ጋሎዴት ሲደርስ የምልክት ቋንቋ የማያውቅ አለ። ቋንቋውን የሚማረው ክፍል ውስጥም ነው፣ ልምምድ ላይም ነው። እንደኛ ሰው ባሕር ማዶ ተወልዶ አማርኛን ጎልምሶ የተማረ ልጅ የሚሰማውን ዓይነት ስሜት እገምታለሁ። የራስህ ነው ይሉሃል፤ አፍህ ግን ገና አልፈታም። የነሱ ደግሞ እጃቸው።

ሆትል ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አዲስ ቡድን ሲያቋቁም፣ በ2010 ቸክ ጎልድስታይን ተረከበ። እሱም ሰሚ ነው። በ2013 ቡድኑ ያላየውን አየ። በመደበኛው ውድድር 9 አሸንፎ 1 ተሸነፈ፣ የኮንፈረንሱ፣ ማለትም አብረው የሚወዳደሩት ኮሌጆች ስብስብ፣ ሻምፒዮን ሆነ፣ ከ1883 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኤንሲኤኤ የጥሎ ማለፍ ውድድር አለፈ። ዕጣው ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ጄኒቫ ከተማ ከሚገኘው ከሆባርት ኮሌጅ ጋር ጣለው። 34 ለ7 ተሸነፈ። በ2022 ዳግም ሻምፒዮን ሆኖ ዳግም አለፈ፤ ያኔም ከመጀመሪያው ዙር አልዘለለም። ለዚህ ቡድን ግን ዋናው ነገር መድረሱ ነው። 130 ዓመት ማለት እኮ ቀልድ አይደለም።

ሄልሜቱ

ክቡ የሸሸገው ኳርተርባኩና ልጆቹ መሀል ያለውን ወሬ ነው። አሰልጣኙስ? አሰልጣኙ ከመስመር ውጭ ቆሟል። ትእዛዙን በእጁ ለኳርተርባኩ ይልካል። ኳርተርባኩ ዓይኑን ከሜዳው ነቅሎ ወደ አሰልጣኙ መዞር አለበት። በዚያች ሰከንድ ተከላካዮቹ ቦታ ይቀያይራሉ፤ እሱ አላየም። በፕሮፌሽናሉ ሊግ ከ1994 ጀምሮ በኳርተርባኩ ሄልሜት፣ በራስ ቁሩ፣ ውስጥ ሬዲዮ አለ። አሰልጣኙ ጆሮው ላይ ይነግረዋል። ለጋሎዴት ሬዲዮ ምን ይጠቅማል?

ኤቲኤንድቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆኖ ሌላ ሄልሜት ሠራ። ከዓይን ፊት ትንሽ መስታወት አለችው። አሰልጣኙ ታብሌት ላይ ትእዛዙን ይነካል፤ በ5ጂ ኔትወርክ ይሄድና መስታወቷ ላይ በጽሑፍ ይወጣል። ኤንሲኤኤ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ፈቀደ። ኦክቶበር 7፣ 2023፣ በሜዳቸው ከሂልበርት ኮሌጅ ጋር። 34 ለ20 አሸነፉ።

ማስታወቂያ እንዳለበት ግልጽ ነው። ኔትወርክ የሚሸጥ ኩባንያ ለጽድቅ ብሎ ብቻ ሄልሜት አይሠራም። ቴሌቪዥኑም የሚወደውን "ምስኪኖቹ ልጆች በቴክኖሎጂ ተረዱ" የሚል ዜና አገኘ። ይህ ዜና ያልነገረን፣ በዚያው ወር፣ በኮሌጅ ፉትቦል ትልቁ እርከን ላይ ምን እየሆነ እንደነበረ ነው።

ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየሙ ከ107 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። እንዲህ ያሉ ግዙፍ ቡድኖች ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ክቡን እየተዉት መጥተዋል፤ ፍጥነት ይፈልጋሉ። ተጫዋቾቹ ሳይሰበሰቡ በቀጥታ ይሰለፋሉ። ትእዛዙ ከመስመር ውጭ በእጅ ምልክትና በሥዕል ሰሌዳ ይላካል። በጫጫታው ውስጥ ጆሮ አይሠራማ! ልክ ከ1894 በፊት እንደነበረው የኬንዳል ግሪን ቡድን፣ ሰሚዎቹ በአደባባይ በእጃቸው ማውራት ጀመሩ። ከዚያ የሚሆነው ሆነ። በኦክቶበር 2023 የሚሺጋን ቡድን ሠራተኛ የሌሎች ቡድኖችን ጨዋታ በየስታዲየሙ ሰው እየላከ፣ የእጅ ምልክታቸውን እያስቀረጸ ይፈታ ነበር ተብሎ ምርመራ ተከፈተ። ምልክት መፍታት በራሱ አልተከለከለም። ሰው ልኮ መሰለል ግን ከ1994 ጀምሮ ክልክል ነው። አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ በኖቬምበር ለ3 ጨዋታዎች ታገደ። ቡድኑ ግን በጃንዋሪ 2024 ሂዩስተን ላይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

በኤፕሪል 2024 ኤንሲኤኤ ለትልቁ እርከን ቡድኖች የሄልሜት ሬዲዮ ፈቀደ። ለአንድ ተጫዋች ብቻ፤ ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ይዘጋል። በኦገስት ደግሞ ጋሎዴት መስታወት ያላትን ሄልሜት በሙሉ የውድድር ዘመኑ እንዲጠቀም ተፈቀደለት።

ሄልሜቷ የምታናግረው ኳርተርባኩን ነው። ቀሪዎቹ 10 ልጆች ትእዛዙን የሚያገኙት አሁንም ከእጁ ነው። ክቡ ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ሰሚ ቡድን ክብ ሲሠራ አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ጆሮ ነው የሚሰጠው። በጋሎዴት ክብ ውስጥ አንገት የደፋ ሰው ምንም አይደርሰውም። ሁሉም ቀና ብሎ መሀል ያሉትን ሁለት እጆች ያያል። ጀርባቸው ወደ ውጭ ነው።